የድልብ ዳገት ዕዳ፦ ከላሊበላ መልስ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2011 ዓ.ም. ጋሸና

የጋሸና ብርድ ለማንም አያዳላም። ጋቢ ደርቤ፣ ከሥሩ ጃኬት ለብሼ፣ አሁንም ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ሻይ ቤት ውስጥ ጥግ ይዤ ነው የምጽፈው። ባለቤቷ ሳልጠይቃት ሻይ ደገመችልኝ። «ለላሊበላ ለሚሄድ ሁለተኛው በነፃ ነው» አለች። ሦስተኛውን ልጠይቃት አስቤ አፈርኩ።

ከወልድያ የተነሳነው አርብ፣ የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ነው። ዛሬ ስድስተኛ ቀናችን። መኪና ይህን መንገድ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል፤ ከወልድያ እስከ ወረታ የሠሩት ቻይኖች ናቸው። እኛ ግን መንገዱን የምንይዘው አቋራጭ ስናጣ ብቻ ነው። ጎዳናው ተራራውን ሲዞር እኛ ገደሉን እንቆርጣለን፤ ከዚያ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ብቅ እንላለን። መኪኖቹ ጡሩምባ ይነፉልናል። አንዳንዱ ለሰላምታ፣ አንዳንዱ ዞር በሉ ለማለት።

ስድስት ነን። ከመርሳ የመጡ ባልና ሚስት አሉ፤ ልጅ ለመለመን ነው የሚሄዱት። ሁለት የቆሎ ተማሪዎች አሉ፤ እነሱ አይደክሙም፣ ስለነሱ ባልጽፍ ይሻላል። ከሐራ የመጡ እማማ አሉ። ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው «ጣልያን ሲወጣ ድክ ድክ እል ነበር» አሉኝ። በእግር ሲሄዱ ይህ ዘጠነኛቸው ነው። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ የኖርኩ፣ ደረጃ እንኳ በሊፍት የምወጣ።

እውነቱን ለመናገር ስለቱ የኔ አይደለም። የእማዬ ነው። እህቴ ቤሩት እያለች ስምንት ወር ሙሉ ድምፅዋ ጠፋ። እማዬ ያኔ ነው የተሳለችው፤ «ልጄን በሕይወት ካሳየኸኝ፣ ከወልድያ ደጅህ ድረስ በእግሬ እመጣለሁ» ብላ። እህቴ መጣች። በአንድ ሻንጣና በአንድ ጠባሳ። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ የእማዬ ጉልበት አለቀ። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መብራት ከፍ አድርጎ አይቶ «ከቤት እስከ ደጅ ይበቃሻል» አላት። ሁለት ዓመት ገና በመጣ ቁጥር ስታለቅስ አየኋት። በሦስተኛው «እኔ ልሂድልሽ» አልኩ። የንስሐ አባታችንን ጠየቅን። «ከአንቺ የወጣ እግር ነው፤ ይሄዳል» አሉ።

እንግዲህ እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጻፍ። ለማንም ያልነገርኩት ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ለማርያም፣ ከድልብ ተነስተን ዳገቱን ልንጀምር ነው። ሁለቱም ተረከዞቼ ውሃ ቋጥረዋል። ግራው ፈንድቶ ካልሲው ተጣብቆበታል። ቀና ብዬ ዳገቱን ሳየው መኪኖቹ አናቱ ላይ እንደ ጉንዳን ይታያሉ። ባዶ የቢራ ሳጥን የጫነ አይሱዙ አጠገባችን ቆመ። «የደከመው ይውጣ» አለ ሹፌሩ። ማንም አልወጣም። እኔ ወጣሁ።

አናቱ ላይ ወርጄ ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅኳቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ። ሲደርሱ ማንም ምንም አላለኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እማማ አጠገቤ ተቀመጡና ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈተው አንድ እፍኝ ቆሎ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። በቃ ይኸው ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 25

ጋሸና ላይ ጎዳናውን ለቅቀን ወደ ሰሜን ታጠፍን። ከዚህ እስከ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው። በመኪና ለሚሄድ ምንም አይደል። ለኔ ተረከዝ ግን እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ስም አለው።

ቀኑን ሙሉ አቧራ ነው። ሰው የጫነ መኪና በመጣ ቁጥር ነጠላችንን አፋችን ላይ ጠምጥመን ጀርባ እንሰጣለን። መኪኖቹ ላይ ያሉት ይዘምራሉ፤ እልል ይላሉ። እኛም እንመልሳለን። ከአቧራው ስንወጣ ሁላችንም አንድ ዓይነት ቀለም ነን። የመርሳው ባል ሚስቱን አይቶ «ሸምግለሽ እንዴት እንደምትሆኚ አየሁ» አላት። እሷም «እኔ አሁንም አየሁህ» አለችው።

የሚገርመኝ የሰው ብዛት ነው። ከየሸንተረሩ ነጭ ነጠላ ይወርዳል። ከዋድላ፣ ከደላንታ፣ ከመቄት። አንድ አባት በሬ የሸጡበትን ብር ጭምር ይዘው ወጥተዋል። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «በዓሉ ካለቀ በኋላ ላሊበላ ጨው ርካሽ ነው» አሉ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሰው ለነፍሱም ለጨዉም በአንድ መንገድ ይሄዳል።

ሲመሽ አንድ የሣር ቤት ደጅ ቆምን። እማማ ናቸው የሚናገሩት፤ ደንቡን ያውቁታል። «ቤቶች! የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን፤ ቤት ለእንግዳ!» ከውስጥ የሴት ድምፅ መለሰ፦ «ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ።» በቃ። መታወቂያ የለ፣ ከየት ናችሁ የለ። አዲስ አበባ ጎረቤቴን ስኳር ለመጠየቅ መጀመሪያ ስልክ እደውላለሁ።

ሽሮ በገብስ እንጀራ ቀረበልን። እኔ አፍሬ ትንሽ ትንሽ ስቆርስ፣ የቤቱ እመቤት «ይህ ልጅ ታሟል እንዴ?» አለች። እማማ «እግሩን ነው፤ አፉ ደህና ነው» አሉ።

ከእራት በኋላ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። መርፌውን እማማ ከጉፍታቸው ጫፍ መዘዙት። ኩራዝ ላይ አንድ ጊዜ አሳለፉት። ጥቁር ክር አስገቡበት። ከዚያ ውሃ የቋጠረውን በአንዱ ጎን ወግተው በሌላው ጎን አወጡት፤ መርፌውን ሳቡና ክሩን ከውስጥ ትተው ሁለቱን ጫፍ በጥርሳቸው በጠሱት። ውሃው በክሩ ላይ ጠብ፣ ጠብ አለ። «ክሩን እንዳትነካው። ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል፤ ጠዋት ይደርቃል» አሉኝ። ለእግሬ ይሁን ለኔ አልገባኝም።

አርብ፣ ታኅሣሥ 26

ተከዜን ተሻገርን። ተከዜ ሲባል ትልቅ ወንዝ ነበር በሐሳቤ። እዚህ ገና ልጅ ነው፤ ከላስታ ተራሮች መውረዱ ነው። የቆሎ ተማሪዎቹ ልብሳቸውን አጠቡ። እኔ እግሬን ነከርኩ። ብዙ አልጽፍም፤ ደክሞኛል።

አንድ ነገር ብቻ። ማታ እማማን ጠየቅኳቸው። «እማማ፣ ያን ቀን አይሱዙው ላይ በመውጣቴ ስለቱ ፈረሰ ማለት ነው?» ብዙ ዝም አሉ። የተኙ መስሎኝ ነበር። «የሰው ዕቃ ተውሰህ ጫፉን ብትሰብር ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ። «እነግረዋለሁ» አልኩ። «እህ» አሉና ዞረው ተኙ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 27፣ መድኃኔ ዓለም

ዛሬ ገባን!

ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ተነሳን። በሹምሽሃ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ስናልፍ ነጋ። አውሮፕላን ከላያችን ዝቅ ብሎ አለፈ። ከተማው ከዚህ 23 ኪሎ ሜትር ነው። በመስኮቱ የሚያዩን ሰዎች ምሳቸውን ላሊበላ ይበላሉ። እኛ ግን ወደ ላይ ነው፤ ከማረፊያው እስከ ከተማው ድረስ ዳገት ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው።

ነአኵቶ ለአብ ጋ ዕረፍት አደረግን። ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ዋሻ ውስጥ ነው። ከጣሪያው ጸበል ይንጠባጠባል፤ ከሥር የድንጋይ ገበቴዎች ይቀበሉታል። ብዙ ዘመን ስለተንጠባጠበበት ድንጋዩ ተቦርቡሯል። ቅዱስ ነአኵቶ ለአብ የንጉሥ ላሊበላ የወንድሙ ልጅ ነው። እዚያ ተቀምጬ ጠብታውን ስሰማ ቆየሁ። መነሳት አልፈለግኩም። እዚህ ድረስ ስጣደፍ መጥቼ፣ የቀረችዋ ሰባት ኪሎ ሜትር ቶሎ እንዳታልቅ ፈለግኩ። የመርሳዋም ሴት እንዲሁ ነበረች። ባሏ «ተነሽ እንጂ» ይላታል፣ እሷ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች፣ ታስራለች።

ከተማው መግቢያ ላይ ያየሁትን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

የላሊበላ ልጆች መንገዱ ዳር ተደርድረዋል። ሳፋ፣ ጆግ፣ ሳሙና፣ ፎጣ። የመጣውን መንገደኛ ሁሉ እጁን ይዘው ያስቀምጡታል፤ እግሩን ያጥቡታል። እኔን የያዘችኝ አሥራ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ሰማያዊ ሳፋ። «ቁጭ በል ወንድሜ፤ እንኳን ደህና መጣህ» አለችኝ። «ተዪው፣ ቆሻሻ ነው» አልኳት። «ቆሻሻ ባይሆን ምን ብዬ አጥበዋለሁ?» አለች።

ካልሲዬን ራሷ አወለቀችው። ውሃውን ለብ አድርገውታል። መጀመሪያ ውሃው ወተት ያነሰው ቡና መሰለ፤ ቀጥሎ ጥቁር ቡና። በጣቶቼ መካከል ጣቷን አስገብታ አቧራውን አወጣችው። ግራ ተረከዜ ጋ ስትደርስ ቆመች። «ይህ ክር ምንድን ነው?» ነገርኳት። ሳቀች። ክሩን ሳትነካ ዙሪያውን ብቻ አጠበችልኝ። ከዚያ በፎጣ አደረቀችውና ጎንበስ ብላ እግሬን ሳመችው።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ይህ እግር እኮ የቢራ ሳጥን ላይ ተሰቅሎ ድልብን ያለፈ እግር ነው። ልነግራት አፌ ደርሶ ተመለሰ። ከኋላዬ የሚጠብቅ ሌላ እግር ነበር።

ቀኑ ቅዳሜ ስለሆነ ገበያውም ቆሟል። የበዓልና የገበያ ሰው ተደራርቦ መርፌ መጣያ የለም። የእማማን ነጠላ ጫፍ እንደ ሕፃን ይዤ ነው ቤተ መድኃኔ ዓለም የደረስነው። እማማ የአለቱን ጠርዝ ሲያዩ በግንባራቸው ተደፉ። «ዘጠኝ አደረስከኝ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ወደኔ ዞሩ፤ «የእናትህን ስም በልና ተሳለም።» አልኩት። ጮክ ብዬ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 28፣ አማኑኤል

የአብያተ ክርስቲያናቱን ነገር ከኔ በላይ የጻፉ ብዙ ናቸው። አሥራ አንድ ናቸው፤ ከላይ ወደ ታች ከአንድ አለት ተፈልፍለው የወጡ። ቤተ መድኃኔ ዓለም ብቻውን 33 ሜትር ያህል ይረዝማል። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከላያቸው የተተከለውን የብረት ጣሪያ ሳይ ግን ደስ አላለኝም። ለዝናቡ ተብሎ ነው የተሠራው፤ አሁን ነዋሪው የሚፈራው ጣሪያውን ራሱን ነው። በዚህ ዓመት መጀመሪያ ሰልፍ ወጥተውበታል። ቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ የለውም፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ሰው ሁሉ እዚያ ሲደርስ የሚተነፍሰው።

ከቤተ ገብርኤል ወዲያ ባለው ጨለማ ዋሻ ውስጥ አለፍኩ። ሲኦል ይሉታል። ስልክህን አታብራ፣ ግድግዳውን ዳብሰህ ሂድ ነው ሕጉ። ከፊቴ አንድ ሰው ራሱን መታና «ኧረ በስመ አብ!» አለ። ከኋላ አንዷ «ሲኦል ነው ተብሏል እኮ፤ ምን ጠበቅክ?» አለችው። ጨለማው በሙሉ ሳቀ።

ማታ መኝታ ፍለጋ የለም። ሜዳው ሁሉ መኝታ ነው። ኮረብታው በጧፍ ተሞልቷል። ከበሮው ከሥር፣ ከድንጋዩ ውስጥ ነው የሚመታው፤ ጆሮህ ሳይሆን ደረትህ ነው የሚሰማው። የአርባ ሦስት ቀኑ ጾም የመጨረሻ ሌሊት ነው። በጋቢዬ ተጠቅልዬ፣ ራሴን የቆሎ ተማሪው ከረጢት ላይ አድርጌ፣ ጸናጽሉን ሰማሁ። አንድ ጊዜ አንቀላፍቼ ስነቃ ጋቢው ላይ ውርጭ ነበር።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 29፣ ገና

ቤዛ ኵሉን አየሁ። «አየሁ» ማለት ይከብዳል፤ ከፊቴ ያሉትን ሰዎች ጀርባ ነው ያየሁት። አንዱ ወጣት ድንጋይ ላይ ጎትቶ አወጣኝና ያኔ ታየኝ።

ካህናቱ በቤተ ማርያም ግቢ ዙሪያ፣ አናቱ ላይ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው አለት ጠርዝ ቆመዋል። ሌሎቹ ከሥር ግቢው ውስጥ ናቸው። የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። የላዩ «ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ» ይላል፤ የታቹ ይቀበለዋል። የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ። ጎንበስ፣ ቀና። መቋሚያው ሁሉ አንድ ላይ ሲነሳ ገደሉ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። እግሩ ጠርዝ ላይ ላለ ካህን ልቤ ስንት ጊዜ ወደቀ! እነሱ ግን ወደ ታች እንኳ አያዩም።

ዛሬ የንጉሥ ላሊበላም ልደት ነው። የሁለት ልደት በዓል።

እማማ አላለቀሱም። እኔ አለቀስኩ። የመርሳዋ ሴት በገመድ ተይዛ ቤተ ማርያም ግቢ ያለው ኩሬ ውስጥ ገባች። እየተንቀጠቀጠች ስትወጣ ባሏ ጋቢውን አልብሷት እሱ በሸሚዝ ቀረ። ቀኑን ሙሉ በሸሚዝ ዋለ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 30

ዛሬ የመልስ ዝግጅት ነው። ሰው እንደ ጎርፍ ይፈሳል። ትናንት መቆሚያ ያልነበረበት ዛሬ የብርቱካን ልጣጭና የጧፍ ሰም ብቻ ነው።

ዝርዝሬን አወጣሁ። እማዬ ሦስት ሊትር ጸበል። ጎረቤታችን እትዬ፣ የሚቀባ እምነት፤ ለልጃቸው ለሚጥለው። እህቴ መቁጠሪያ፣ ጥቁር፣ «ፕላስቲክ እንዳይሆን»። የቢሮ ሰዎች ስድስት መስቀል። ገዛሁ፤ ተከራከርኩ፤ ተሸወድኩ። ከስድስቱ መስቀል ሁለቱ ማታ ቀለም ለቀቁ። ለጸበሉ ቢጫ ጀሪካን ገዛሁ። ክዳኑ ልል ነው፤ የቆሎ ተማሪዎቹ በፌስታል አስረው አጠበቁልኝ። እነሱ አይመለሱም። ወደ ዋግ ይቀጥላሉ፤ እዚያ ጥሩ የቅኔ መምህር እንዳለ ሰምተዋል። ከመለያየታችን በፊት ጫማዬን አየሁት። ሶሉ ተገንጥሏል። ትንሹ ተማሪ «ይሆነኛል» አለ። ሰጠሁት። እኔ ኮንጎ ጫማ ገዛሁ።

የመኪና ነገር ሌላ ጉድ ነው። አንድ ደላላ ሁለት ወንበር ሸጠልኝ፤ ለኔና ለእማማ። ብሩን ተቀብሎ «ተራ ይዤላችሁ ልምጣ» ብሎ ሄደ። ይኸው እስካሁን እየያዘ ነው። ድጋሚ ከፈልን። እማማ «ለድሃ ሰጠኸው በል» አሉ። ድሃ አይመስልም ነበር።

ማታ ኔትወርክ መጣ። እማዬ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው፤ ስልኩን ይዛ ነበር የተቀመጠችው።

«አደረስክልኝ?»

«አዎ እማዬ፣ ደርሻለሁ።»

«ስሜን አልክልኝ?»

«ቤተ መድኃኔ ዓለም ደጅ።»

እልል አለች። እህቴም ከጀርባ እልል አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «በእግርህ?»

«በእግሬ» አልኩ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እራት አልበላ አለኝ። ቤተ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ ሄድኩ። ጸጥ ብሏል። አንድ አባት ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። የላሊበላን ትልቁን መስቀል ታሪክ ለሁለት ልጆች እያወሩ ነበር፤ አፍሮ አይገባ ይባላል። በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጅየም ድረስ ሄዶ ነበር። ከዓመታት በኋላ ተመለሰ። «ስሙ ነው የመለሰው» አሉ ለልጆቹ፤ «አፍሮ አይገባ!»

ልጆቹ ሲሄዱ ሁሉንም ነገርኳቸው። አይሱዙውን፣ የቢራ ሳጥኑን፣ ቆሎውን፣ ስልኩን። ሰምተው ሲጨርሱ ጠየቁኝ።

«እናትህ ያውቃሉ?»

«አያውቁም አባ።»

«ታዲያ ለኔ ምን ያደርግልኛል?»

ረቡዕ፣ ጥር 1

አውቶቡሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳ። እማማ መስኮቱ ጋ፣ እኔ አጠገባቸው፣ ጀሪካኑ በእግሮቼ መካከል። ለመመለሻውም ለምን በእግር እንዳልሄዱ ስጠይቃቸው «የተሳልኩት ለመሄጃው ነው፤ የመመለሻውን ነዳጅ ይክፈለው» አሉ።

ሦስት ቀን የፈጀብን መንገድ በሁለት ሰዓት ተኩል አለቀ። ያ የሣር ቤት ሽው ብሎ አለፈ። ሴትዮዋ ደጅ ላይ ገብስ ታሰጣ ነበር። እጄን አወዛወዝኩ፤ አላየችኝም። ጋሸና ላይ ሻይ ጠጣን። ባለሻይ ቤቷ አወቀችኝ። «ተመላሽ ስትሆን ሁለተኛው ይከፈላል» አለች።

ከጋሸና ወዲህ አንድ ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ነበር። ሞኝነት ይመስላል። ለእማማ ሳልነግራቸው ቆየሁ። የድልብ ቁልቁለት አናት ላይ ስንደርስ፣ ያን የተቀመጥኩበትን ድንጋይ አየሁት። ድንጋዩ እዚያው ነው። አፌ ሳላዝዘው «ወራጅ አለ!» አለ።

ረዳቱ ዞሮ አየኝ። «እዚህ? ምን አለ እዚህ?»

«ዕዳ አለብኝ» አልኩት።

«በዚህ በረሃ ማነው ያበደረህ?» አውቶቡሱ ሳቀ። ሹፌሩ ግን ቆመ።

እማማ ገባቸው። ገና ሳልነሳ ገባቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ኮንጎ ጫማውን፣ ጀሪካኑን። «ዳገቱን ቁልቁል ልትከፍለው ነው?»

«ሌላ አቅጣጫ የለኝም እማማ። ወደ ላይማ አውቶቡሱ አመጣኝ።»

«ጀሪካኑን ልያዝልህ?»

«አይ። እሱም የስለቱ ነው።»

ወረድኩ። አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል መስኮቱ ተከፈተ። የእማማ እጅ ወጣ፤ የተጨበጠ። መዳፌን ዘረጋሁ። አንድ እፍኝ ቆሎ። መስኮቱ ተዘጋ፤ መኪናው ታጠፈ። ሐራ የትኛው ቤት እንደሚኖሩ አልጠየቅኳቸውም። ዘጠኝ ጊዜ የሄዱ ሰው በአሥረኛው ይገኛሉ ብዬ ነው።

ቁልቁለት ቀላል ነው ያለ ሰው በኮንጎ ጫማ ወርዶት አያውቅም። ጣቶቼ ከፊት ተጨናንቀው ጥፍሬን ገፉት። ጀሪካኑ መጀመሪያ በቀኝ፣ ከዚያ በግራ፣ ከዚያ ትከሻ ላይ። ሦስት ሊትር ውሃ በየመታጠፊያው አራት፣ አምስት ይሆናል። አቋራጩን ፈልጌ ገባሁበት፤ እነሱ ያን ዕለት የወጡበትን። የሰው እግር ያለሰለሰው ድንጋይ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ያለ ግድግዳ አለ፤ በእጅ ካልተያዘ አይወረድም። እማማ በዚህ ወጡ? ቆሜ አየሁት። በዚህ ነው የወጡት።

መሀል ላይ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ አገኘሁ። ነጠላዬን አየ፤ ጀሪካኑን አየ። ዱላውን ወደ ላይ ቀሰረ።

«ጋሼ፣ ጠፍተሃል። ላሊበላ በዚያ ነው!»

«መልስ ነኝ» አልኩት።

«ታዲያ መኪና የለም?»

«አለ።»

ትንሽ አሰበና «ብር አልቆብህ ነው» አለ። ከቆሎው አካፈልኩት። እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ድረስ ጀሪካኑን ተሸከመልኝ፤ አልተቃወምኩም። ይህንንም ለእማዬ መንገር ይኖርብኛል።

ድልብ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። አንድ ደጃፍ ላይ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩና ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ትናንት ዋሽቼሻለሁ።»

ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ። ተረከዙን፣ አይሱዙውን፣ ሦስት ሰዓት የጠበቅኩበትን ድንጋይ። ዛሬ መውረዴን። ፍየል ጠባቂውን ጭምር። ዝም ብላ ሰማችኝ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለቴ «ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ያን መኪና ላይ ስትወጣ ጋቢህን ለብሰህ ነበር?»

«ለብሼ ነበር።»

«ብርድ አልመታህም?»

«አልመታኝም እማዬ።»

«ጸበሉስ?»

ጀሪካኑን አነሳሁና አወዛወዝኩት። ፌስታሉ ትንሽ ረጥቧል። «ጠብታ ነው የፈሰሰው» አልኳት።

«ደህና። አሁን ግባ፤ ይመሽብሃል።»

ሚኒባስ መጣ። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል፦ «ወልድያ! ወልድያ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!»

ጀሪካኑን አቅፌ ገባሁ።